በብረቱና በአጥንቱ መካከል

ጥቅምት 3

ለሚሊሜትር፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ የምታድሪበት ቤት ሙቀቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔም ባለቤቴም ደህና ነን። ከዚህ በላይ ሰላምታ ከጻፍኩ ወረቀቱ ስለሚያልቅብኝ የቀረውን እንዳልኩሽ ቁጠሪው።

ስምሽን እንዳልረሳሽው ተስፋ አለኝ። በሥጋ ብንቆጥር የእናትሽ የአክስት ልጅ ነኝ፤ ራቅ እንላለን። ግን በስምንት ዓመትሽ ብረት የምቀርጽበት ቶርኖ ቤቴ እየመጣሽ መለኪያውን ካሊፐር ይዘሽ ያልለካሽው ነገር አልነበረም። የብረት መያዣውን የሞርሳውን አፍ ለካሽ፣ የብርጭቆውን ከንፈር ለካሽ፣ በመጨረሻ አፍንጫዬ ላይ ደረስሽ። ያን ቀን ነው ሚሊሜትር ያልኩሽ።

ስልክ ያልደወልኩት ንቄሽ አይደለም። ጆሮዬ አርባ ዓመት ሙሉ ከብረት ጋር ሲጯጯህ ኖሮ አሁን ሰው ሲያናግረው አኩርፏል። እናትሽ ግን ቤት መጥታ ጮክ ብላ አንድ ነገር ነገረችኝ። «ልጄ ሰው አጥንት ውስጥ የሚገባ ብረት ላይ ነው የምትሠራው» አለች። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዘመዶቻችን ሁሉ ብረት ነክቶ የሚያውቅ ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም ነበር።

እስቲ አስረጂኝ። እኔ ዕድሜዬን ብረትን ከብረት ጋር ሳጋጥም ነው የኖርኩት። ወይ ብሎን ነው፣ ወይ ብየዳ ነው፣ ወይ አጥብቆ መግፋት ነው። ብረትና አጥንት በምን ይያያዛሉ? እንደምታውቂው ከአራት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቄ የዳሌዬ መጋጠሚያ በብረት ተተክቷል። እሱ ደህና ነው፤ እንደ ጎረምሳ ነው የምራመደው። ጥያቄው ለማወቅ ያህል ነው። ፎቶ ካለሽም ላኪልኝ።

ሌላ፣ ካላስቸገርኩሽ፣ ምርኩዝ ጫፉ ላይ የሚደረግ ጎማ ሁለት ፍሬ ብትልኪልኝ። እዚህ ያለው በወር ያልቃል። ለጎረቤት ነው። የውስጡ ስፋት ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ይሁን፤ ለክቼዋለሁ።

እጅሽ አይዛል። ዓይንሽ አይድከም።

ጋሼሽ


ኅዳር 2

ለተከበሩ ጋሼ፤

ሰላምታዎን የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም ተቀብያለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱም ይሞቃል። ለእትዬ ጉንጫቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ፖስታው ላይ ያንን ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። ስለ ሥራዬ ሰው «ጥሩ ነው?» ይለኛል እንጂ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሳንቲም የሚያክሉ የታይታኒየም ክቦች አሉን። ታይታኒየም በእርስዎ ዳሌ ውስጥ ያለው ዓይነት ብረት ነው። አንዳንዱን እንደ መስታወት እናለሰልሳለን፣ ሌላውን በአሲድ እናስበላና እናሻክራለን። ከዚያ የደም ውሃን በሚመስል ፈሳሽ ውስጥ እንዘፈዝፋቸዋለን። ካልሲየም አለበት፣ ፎስፌት አለበት፣ ጨውም አለበት። በሰው ገላ ሙቀት ሁለት ሳምንት ይቀመጡና ሲወጡ ፊታቸው ላይ ነጭ ነገር ይታያል። አጥንት ከሚሠራበት ማዕድን ጋር አንድ ዘር ነው። ብረቱ ይሄን ማዕድን ከራሱ ፊት ላይ ካበቀለ፣ እውነተኛው አጥንትም እንደ ባዕድ ሳያየው ይጠጋዋል ብለን ነው የምናስበው። ብሎንም ብየዳም የለም ጋሼ፤ አጥንቱ ራሱ አድጎ ነው የሚይዘው።

ይሄ ማዕድን በዓይን አይለይም፤ በተራ ማይክሮስኮፕም አይጠራም። እኛ የምናየው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በብርሃን ፈንታ የኤሌክትሮን ጨረር የብረቱን ፊት መስመር በመስመር እየዳሰሰ ያልፋል፣ ምስሉ እስክሪን ላይ ይወጣል። እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ብረት በጥፍርዎ ሲዳስሱ እንደነበረው ማለት ነው። ማሽኑ ያለው ምድር ቤት ነው፤ ፎቅ ላይ ቢሆን አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ማዕድኑ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ አስቀድመን በጣም ስስ ወርቅ እንቀባዋለን።

ፎቶው ይኸው። አበባ ጎመን የሚመስለው ማዕድኑ ነው። ከግርጌ ያለችው ነጭ መስመር አሥር ማይክሮን ናት፤ የፀጉርዎ ውፍረት ሰባት እጥፏ ይሆናል። ብረቱ ምንም እንደማይታይ ልብ ይበሉልኝ። ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። በዚህ ሥራ ላይ የጻፍነውን ጽሑፍ አንድ መጽሔት ተቀብሎናል፣ በግንቦት ይወጣል። አለቃዬም በሚያዝያ መጨረሻ ትልቅ ጉባኤ ላይ ታቀርበዋለች። ከዚያ በእንስሳ ይሞከራል፣ ከዚያ ደግሞ በሰው።

ጎማዎቹን ከፎቶው ጋር ልኬያለሁ። ሃያ ሁለት ናቸው። ለክቻለሁ።

ሚሊሜትር


ኅዳር 28

ለሚሊሜትር፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ፎቶውን ለባለቤቴ አሳየኋት። ወርቅ እንደምትቀቡት ስነግራት «ሠላሳ ስድስት ዓመት ለኔ ያልተገኘ ወርቅ ለአበባ ጎመን ተገኘ?» አለች። ሰላም ብላሻለች።

ጎማዎቹ ልክ ናቸው። ጎረቤቱ መርቆሻል።

በመጽሔቱ ደስ ብሎኛል። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ ነው፤ ሥራሽን የማላውቅ ሰው ነኝና ካጠፋሁ ሳቂብኝ። ይሄ አበባ ጎመን ከብረቱ የበቀለ ነው ወይስ ከላይ መጥቶ ያረፈበት? ክቦቹ ሲዘፈዘፉ እንዴት ነው የሚቀመጡት? ፊታቸው ወደ ላይ ከሆነ፣ ፈሳሹ ውስጥ የተፈጠረው ሁሉ ቀስ ብሎ ይወርድባቸዋል። ቶርኖ ቤት ማቀዝቀዣው ሳሙና ውሃ ዕቃው ላይ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ከላይ ላየው ሰው የብረቱ ቆዳ ነው የሚመስለው። በጥፍር ሲነኩት ግን ቅርፍ ይላል። አንድ ነገር ይያዝ አይያዝ ከላይ አይታወቅም፤ ቆርጠሽ ከጎን ማየት አለብሽ። ምናልባት ይሄን አድርጋችሁት ይሆናል።

ሌላ ጥያቄ የአንድ ወዳጄ ነው። እሱም እንደኔ ዳሌው ውስጥ ብረት ገብቶለታል። ሐኪሙ ሦስት ወር አትርገጥ ብሎት ነበር። እሱ ግን ችኩል ነው፤ በአምስተኛው ሳምንት ሥራ ቦታው ላይ ቆመ። አጥንቱ ገና ለመያዝ ሲሞክር ብረቱ ቢነቃነቅ ምን ይሆናል? በኋላስ ይያዛል? ወይስ አንዴ ካመለጠ አመለጠ ነው? ሰውዬው ዝም ብሎ ሐሳብ ይወዳልና ቁርጡን ንገሪኝ።

ጨርቅ ያድርግልሽ መንገዱን።

ጋሼሽ


ጥር 6

ለተከበሩ ጋሼ፤

እንደምን አሉ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቀደድኩት። የዘገየሁት በጥያቄዎ ነው።

በመጀመሪያ የወዳጅዎን ልመልስ። ገና ሳይያዝ ብዙ የሚነቃነቅ ከሆነ በብረቱና በአጥንቱ መካከል አጥንት ሳይሆን ለስላሳ ነገር ይሞላል፤ እንደ ጠባሳ ያለ። ራጅ ሲነሳ ብረቱን ተከትሎ የሚሄድ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። በራሱ ጊዜ ጠንክሮ መያዙ ይቸግራል። ሲረግጥ ጭኑን የሚያመው ከሆነ፣ ከወንበር ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የሚከብዱት ከሆነ፣ ሐኪሙ ዘንድ ይሂድ። በቆየ ቁጥር አጥንቱ እየሳሳ ነው የሚሄደው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይሄን ግን የሚያውቁ ሁሉ የሚሉት ነው።

የኔን ደግሞ ልንገርዎ። ክቦቹ ፊታቸው ወደ ላይ ነው የነበሩት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው ያስቀመጥኳቸው።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት አንዱን ሙጫ ውስጥ ቀብሬ፣ ሙጫው ሲጠነክር በአልማዝ ምላጭ ለሁለት ቆረጥኩት፣ ፊቱን አለሰለስኩና ከጎን አየሁት። ከታች ብረቱ አለ፤ ከላይ ማዕድኑ አለ። በመካከላቸው ጥቁር መስመር አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሲደርቅ ተሰንጥቆ ይሆናል ብዬ ሌሎች ሦስት ቆረጥኩ፤ በጥንቃቄ አድርቄ። መስመሩ በሁሉም አለ። ከዚያ አዳዲስ ክቦች ፊታቸውን ወደ ታች አድርጌ በቀጭን ሽቦ ላይ አስቀመጥኩና ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ትናንት አወጣኋቸው። ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል።

የሁለት ዓመት ሥራዬ የወረደ አቧራ ነው ጋሼ። ለማንም አልነገርኩም። አለቃዬ በየመተላለፊያው ስታገኘኝ ስለ ጉባኤው ታወራኛለች፣ እኔ እስማማለሁ። ከጎን የተነሳውን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ከእርስዎ ሌላ ያየው የለም።

ሚሊሜትር


የካቲት 24

ለተከበሩ ጋሼ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? የጥር ወር ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን? ፖስታ ቤት ጠፍቶ ከሆነ ይንገሩኝና እንደገና እጽፋለሁ።

እናቴ በስልክ ስታወራኝ የዘመድ ልጅ ሠርግ ላይ እንዳልመጡ ነገረችኝ። «ጉንፋን ነው ብለዋል» አለች። እርስዎ ሠርግ የሚቀሩ ሰው አልነበሩም። ለማንኛውም ጉንፋኑ እንዳለፈ ተስፋ አደርጋለሁ።

የወዳጅዎ ነገርስ? ሐኪም ዘንድ ሄደ?

እኔ እስካሁን አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ የአለቃዬ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በሁለተኛው ጊዜ በሩ ክፍት ነበር፤ ቀና ብላ «ፈልገሽኝ ነው?» አለችኝ። «ወረቀት አልቆብን ነው» አልኳት። ተነስታ ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ያን ወረቀት እስካሁን አልነካሁትም፤ ይሄን የምጽፍልዎት በሌላ ነው።

ለጉባኤው ሁለት ወር ቀርቶታል። መልስዎን እጠብቃለሁ።

ሚሊሜትር


መጋቢት 18

ለልጄ፤

ሁለቱም ደብዳቤ በጊዜው ደርሶኛል። ፖስታ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ አጥፊው እኔ ነኝ።

ወዳጅ የሚባል የለም። ጎረቤትም የለም። ጎማዎቹ ያሉት የኔ ምርኩዝ ላይ ነው። ይሄንን መቼም ገና ድሮ ገብቶሽ ይሆናል፤ አንቺ ሰው ሲዋሽ በሚሊሜትር የምትለኪ ልጅ ነሽ። ጨዋ ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው።

ከጎን ያነሳሽውን ፎቶ መስኮቱ ጋ ይዤ አየሁት። ያንን መስመር አውቀዋለሁ። ከአንድ ዓመት በላይ ሆነው፣ ጭኔን ቢያመኝ ሌላ ሰፈር ሄጄ፣ ማንም በማያውቀኝ ቦታ ራጅ ተነስቼ ነበር። ያነሳኝ ሰው «ለሐኪምዎ ያሳዩ» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ብረቱን ተከትሎ ቁልቁል የሚወርድ ጥቁር መስመር። ለሐኪሜ አላሳየሁም። ከልብስ ሳጥኑ ኋላ፣ ግድግዳውና ሳጥኑ መካከል አስገባሁት። ለባለቤቴ ብርድ ነው አልኳት። በሙቀቱ ወራትም ብርድ ነው አልኳት።

ለምን መሰለሽ? አትርገጥ የተባልኩትን ረግጬ ነዋ። በአምስተኛው ሳምንት። የወፍጮ ዘንግ ተሰብሮ ሰዎች ቆመዋል ሲሉኝ፣ ከኔ በቀር የሚሠራው የለም ብዬ ሄድኩ። የሚሠራው ሰው ሞልቶ ነበር። እኔ ነኝ ያለኔ እንዳይሠራ የፈለግኩት። ሦስት ሰዓት ያህል ቶርኖው ላይ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙን ዓይኑን ማየት አፈርኩ። እኔ ራሴ ያበላሸሁትን ብረት ይዤ «ጠግኑልኝ» የምል ሰው አይደለሁም። ቶርኖ ቤቴ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደምለው አውቃለሁና።

ስለዚህ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። «በቆየ ቁጥር አጥንቱ እየሳሳ ነው የሚሄደው» ያልሽውን ካነበብኩ በኋላ ግን መቀመጡም አላስቀመጠኝ። ሠርጉም ላይ የቀረሁት ደረጃው ብዙ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ቤት ስታጸዳ ሳጥኑን ገፋችው። ራጁ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው።

«ይሄ የማነው?» አለችኝ።

«የድሮ ነው» አልኳት።

ቀኑን አነበበችው። የራጁን አቧራ በጨርቅ ጠርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ተቀመጠች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊት ስትገላበጥ ወገብህን አሽቼልሃለሁ፤ የማሸውን እንኳ አልነገርከኝም» አለች። ወገቤን እያሳየኋት ነበር እኮ የኖርኩት፤ የሚያመኝ ግን ጭኔን ነው።

አንቺ ለአለቃሽ ካልነገርሽ እኔም ሐኪም ቤት አልሄድም ብዬ ላስፈራራሽ አስቤ ነበር። ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ተውኩት። ማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። አንቺም የራስሽን በራስሽ ጊዜ ታደርጊዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፦ በሰው ይሞከራል ብለሽ ጽፈሽልኛል። ያ ሰው እንደኔ ያለ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ እግሩን ፈርቶት ነው የሚነሳው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለማባበል እንዳትመልሺልኝ። አጥንቴ ያልያዘው በኔ ጥፋት ነው?

ጋሼሽ


ሚያዝያ 14

ለጋሼ፤

ደብዳቤዎን ሰኞ ተቀበልኩ። ማክሰኞ ጠዋት የአለቃዬ ቢሮ ገባሁ። አራቱን ፎቶዎች ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩና ቆምኩ። እንድቀመጥ ነገረችኝ፤ አልተቀመጥኩም።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ አጠለቀችና እንደገና አየች።

«ፊታቸውን ወደ ታች አድርገሽስ ሞክረሻል?» አለችኝ።

«ባዶ ናቸው።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በጥር።»

ፎቶዎቹን ሰበሰበቻቸው። ውጭ መኪና ሲያልፍ ሰማሁ። «ስህተቱ የሥራ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሦስት ወሩ ግን ያንቺ ነው። እሱን ለመርሳት ጊዜ ስጪኝ።» ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፍታ ለመጽሔቱ መጻፍ ጀመረች፤ ጽሑፉ እንዳይወጣ። እያየኋት ነው የጻፈችው። ጉባኤውንም ተወችው።

አለቀስኩ ብለው እንዳያስቡ፤ አላለቀስኩም። ምድር ቤት ወርጄ የማሽኑን ክፍል ወለል አጸዳሁ፤ ማንም ያላዘዘኝን። በማግስቱ መተላለፊያው ላይ አስቆመችኝ። «ፊታቸውን ወደ ላይ አስቀምጪ ያልኩሽ እኔ ነበርኩ እኮ። አስታውሳለሁ» አለችኝና ሄደች። ውሌ በመስከረም ያልቃል። ይታደሳል አላለችኝም፣ አይታደስምም አላለችኝም።

አሁን ጥያቄዎ። አላባብልዎትም። ቶሎ መርገጥዎ ጎድቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ መነቃነቅ አጥንት እንዳይይዝ ያደርጋል፤ ይሄን በራሴ እጅ ጽፌልዎታለሁና አሁን መልሼ አልበላውም። ግን እርስዎ ብቻ ነዎት ማለት አይደለም። የብረቱ ፊት አለ፣ አገባቡ አለ፣ የአጥንትዎ ጥንካሬ አለ። እንደ እርስዎ ቸኩለው የረገጡና የያዘላቸው ሰዎች አሉ፤ ሦስት ወር ሙሉ ተኝተው ያልያዘላቸውም አሉ። እዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም። ማንም እዚያ ሆኖ ሊፈርድ የሚችል አይመስለኝም።

እርስዎስ በቀጠሮዎ ሐኪም ቤት ሄዱ? እባክዎ አንድ መስመር ትሁን፣ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ሰኔ 20

ለልጄ፤

በተኛሁበት ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንሻፈፍ አልጋው ነው። ደህና ነኝ። ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀኔ ነው። አሮጌው ወጥቶ አዲስ ገብቶልኛል። ባለቤቴ ምርኩዜን ጠባቂ ሆናለች፤ ካለ ፈቃዷ አይሰጠኝም።

ሐኪሙን የፈራሁትን ያህል ሰው ፈርቼ አላውቅም። ያው የድሮው ነው። ራጁን መብራቱ ላይ ሰቅሎ ዞር ሲል ቀድሜ ተናዘዝኩ። «በአምስተኛው ሳምንት ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ለክትትል ሲመጡ ጫማዎ ላይ የብረት ብናኝ ነበረ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይመለሱ ነበር?»

አሰብኩት። «አልመለስም ነበር» አልኩት። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። አንድ ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይሄንን ነው።

አሮጌውን ብረት ስጡኝ አልኩ። በእንፋሎት ቀቅለው፣ አስፈርመው ሰጡኝ። በማጉያ መነጽር ስመረምረው ዋልኩ። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ያጋጠመው ሰው እጁን የሚያውቅ ነው። ታችኛው ክፍል ላይ ግን ቁልቁል የተጫረ ብዙ መስመር አለ፤ ሁሉም በእግሬ አቅጣጫ። በረገጥኩ ቁጥር ወርዶ ሲወጣ የኖረ ነው። የእርምጃዎቼ ቁጥር ማለት ነው። የላይኛው ሻካራ ክፍል ላይ ግን የማላውቀው ነገር አለ። ነጭ ጠብታ የሚመስል፣ የስንዴ ፍሬ የሚያህል። በጥፍሬ ሞከርኩት። አልተነሳም።

ስለዚህ ልኬልሻለሁ። ባለቤቴን ነው ፖስታ ቤት የላክኋት። ሠራተኛዋ «ምንድነው ያለው?» አለቻት። «የባለቤቴ ዳሌ» አለች። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አይታት፣ ቅጹ ላይ «መለዋወጫ» ብላ ጻፈች።

በማሽንሽ እዪልኝ። ምንም ከሆነ ምንም ነው በይኝ።

ጋሼሽ


ነሐሴ 1

ለጋሼ፤

እንኳን ለዚህ አበቃዎት። እትዬ የምርኩዙን ሥልጣን እንዳይለቁ አደራ።

መለዋወጫው ደርሷል። እንዳለ ማሽኑ ውስጥ አልገባ ብሎ መቆረጥ ነበረበት። አለቃዬን አስፈቀድኩ። ማሽኑን የሚጠብቀው ሽማግሌ ቴክኒሻን ሞርሳው ላይ ሲያስረው «ማንን ነው የምንቆርጠው?» አለኝ። «አጎቴን» አልኩት። ከዚያ በኋላ በጣም ቀስ ብሎ ነው የቆረጠው።

ስለ ጭረቶቹ ልክ ነዎት፤ የእንቅስቃሴ ናቸው። አብዛኛው ፊት ባዶ ነው። የታችኛው ክፍል፣ ከጭረቶቹ በቀር፣ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው፤ እዚያ አጥንት የሚጨብጠው ነገር አልነበረም።

ነጩን ጠብታ ግን ከላይም አየሁት፣ ቆርጬ ከጎንም አየሁት። አጥንት ነው ጋሼ። ያረፈበት አይደለም፤ ሻካራው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የያዘ ነው። እዚያች ቦታ ላይ መስመሩ የለም። በመካከላቸው ፈለግኩ፤ አምስት ሺህ ጊዜ አጉልቼ፣ ሃያ ሺህ ጊዜ አጉልቼ ፈለግኩ። ብረቱ ያልቃል፣ አጥንቱ ይጀምራል፣ ሌላ ነገር የለም። አጥንቱ ውስጥ ትናንሽ ሞላላ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ሕዋሶቹ ይኖሩባቸው የነበሩ ቤቶች ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ዓይነት ምስል ስፈልግ ነበር። አለቃዬን ጠራኋት፤ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። አብረን አየነው።

የጠየቁኝን ይሄ ምስል አይመልስም። ምን ያህሉ የእርስዎ፣ ምን ያህሉ የብረቱ እንደሆነ አይናገርም። የሚናገረው አጥንትዎ ሞክሮ እንደነበረ ነው። የሚጨብጠው ሻካራ ነገር ባገኘበት ይዟል፤ እርስዎ ቆመው፣ ብረቱ እየተነቃነቀ፣ እሱ ይዟል።

የኔ ክቦች አሁን ሁሉም ፊታቸውን ወደ ታች አድርገው ነው የሚዘፈዘፉት። አዘገጃጀቱንም ለወጥነው። በአራት ሳምንት ጥቂት ደሴቶች ብቻ ናቸው ያበቀሉት፤ ካየሁት አንድ መቶ ቦታ በስድስት ሰባቱ። ግን ቆርጫቸዋለሁ፤ ይዘዋል። ስድስት ሰባት ብለን ነው የምንጽፈው። ውሌ ለአንድ ዓመት ታድሷል።

የእርስዎን ምስል በትልቁ አሳትሜ ልኬያለሁ። አምስት ሺህ እጥፍ የጎላ ነው።

ልጅዎ


ነሐሴ 25

ለልጄ፤

ሥዕሉ ሳይታጠፍ ደርሷል። እኔም በደህናው እግሬ ብቻ እየረገጥኩ ፖስታ ቤት ሄጄ ነው የተቀበልኩት፤ ባለቤቴ በአንድ በኩል፣ ምርኩዙ በሌላ በኩል ነበሩ። ሐኪሙ አዲሱን በየወሩ በራጅ ያያል። እስካሁን መስመር የለም። ይሄኛውን ሦስት ወር ሙሉ አልረግጥም፤ የቶርኖ ቤቱን ቁልፍ ለባለቤቴ ሰጥቼ የት እንዳስቀመጠችው እንዳትነግረኝ ለምኛታለሁ።

ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ብዙ አየነው። ጉብታው፣ ቦዩ፣ ትናንሾቹ ቀዳዳዎች፣ አውሮፕላን ላይ ሆነው የሚያዩት መሬት ይመስላል።

«የማን ማሳ ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

«የኔ አጥንት ነው» አልኳት። «አሮጌው ብረት ላይ የያዘው።»

ጣቷን በቀዳዳዎቹ ላይ እያስኬደች ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እና ይሄን ሁሉ ሲሠራ ነው አልያዘም እያልክ ስትረግመው የኖርከው?» አለች።

ጭኔን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደህና ነበር። አንቺም ደህና ሁኚልኝ።

ጋሼሽ